መሬት የለውም

ቅዳሜ ከሰዓት ስልክ ተደወለ ካቶቴ፤
«ሞንታርቦው ያጓራል፣ ድረስልን በሞቴ!
ሙሽሮቹ ሐይቅ ዳር ፎቶ ላይ ናቸው አሁን፣
አንድ ሰዓት ቢቀር ነው፣ ዝም አሰኝልን ይህን!»
ስልኩን ሳይዘጋው ገና ከጀርባው ሰማሁት፣
እምምም የሚለውን በአንድ ጆሮ ለየሁት።

ድንኳን ተዘርግቷል፤ ሦስት መቶ ወንበር፣
ሁለት ጥቁር ሣጥን፣ ግራና ቀኝ ቆመው እንደ ዘብ በበር።
አቶ ላላሞ መጡ፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣
«በቃ፣ ተቃጠለ ወይ?» አሉኝ ላባቸውን አብሰው።
ሰው ሁሉ እንዲህ ነው፤ ጥቂት ካጉረመረመ
ሞተ ይለዋል ዕቃን፣ ሳይጠይቅ ምን እንደታመመ።

አከራዩ ልጅ፣ ቡሪሶ፣ ፊቱ ዐመድ መስሎ
ጌኑን ያጦዘዋል፣ ጩኸት ጉርምርምታን ይሸፍናል ብሎ።
«ዝቅ አድርገው» አልሁት፤ «ጌን ቢጦዝ አይረዳም፣
ምንጩ የደፈረሰ ቧንቧው ስለሰፋ አይጠራም።»

ሁሉን ነቀልሁለት፤ ሚክሰሩን፣ ማይኩን፣ ስልኩን፤
ሣጥኑን ከመብራት ጋር ብቻውን ተውሁት፣ እስኪ ይናገር ልኩን።
ዝም አለ።
እንግዲህ ጤነኛ ነው፤ በሽታው ከውጭ ነው የገባው።
አንዱ ጃክ አንገቱ ላልቶ
ሲነኩት ይንኮሻኮሻል፤ ጣልሁት፣ በአዲስ ተካሁት።
እምምም። አሁንም አለ።
የመብራቱን መስመር በዓይኔ ተከተልሁት፤
ሚክሰሩ ከሳሎን፣ ሣጥኖቹ ከማድ ቤት፣
ከዚያው ማከፋፈያ የቢራ ፍሪጅ ሁለት፤
ፍሪጁ ሲነሣ ሣጥኑም ሲነሣ ሰማሁት።
ሁሉን ከአንድ ሶኬት አመጣሁ፤ ፍሪጁን አባረርሁት።
ቀነሰ። ግን አልሞተም፤ ከሥር ከሥር አለ፣
እንደ አማት ኩርፊያ በሳቅ መሃል እየዋለ።

ሶኬቱን ፈታሁት። ቢጫና አረንጓዴዋ ሽቦ
ግድግዳው ውስጥ ተቆርጣ፣ ከምንም ጋር ሳትገናኝ ተቀምጣለች።
«አቶ ላላሞ» አልሁ፣ «ቤትዎ መሬት የለውም።»

ሳቁ። ከዚያ ተቆጡ።
«ካርታ አለኝ! ግብር ስከፍልበት ሃያ ሁለት ዓመቴ!
ማዘጋጃ ነው የላከህ? ይህ የላቤ ነው፣ የጉልበቴ!»
ድንኳኑ ሁሉ ዞሮ አየኝ።
«የሽቦው መሬት ማለቴ ነው፣ አባቴ፤
መውረጃ ያጣ መብራት ነው ሣጥን ውስጥ ገብቶ የሚያጉረመርመው።»
ይህን ስል ራሴን ሰማሁት።
ዐሥራ አራት ዓመት፣ አሮጌ ገበያ ጀርባ፣
ሁለት በሁለት ኮንቴነር፣
አከራዬ በየመስከረሙ አዲስ ዋጋ ይዞ ሲገባ፤
መሬት የሌለው ማን እንደሆነ አላነሣሁም። ሠርግ ነው።

«እንሰቱን እንዳትነካ!» አለች የሙሽራዋ አክስት።
ክንድ ያህል ራቅሁለት። አንድ ሜትር ተኩል ብረት
በመዶሻ አወረድሁት፤
ጨው በጥብጬ በጆግ ሥሩን አጠጣሁት፤
ሽቦውን አሠርሁት።

ዝም።

ያኔ ሌላው ሁሉ ተሰማ፤ የሳህን ኳኳታ፣
አቶ ላላሞ ሲተነፍሱ፣
የቆርቆሮው ጣራ ላይ አንድ አባ ኮዳ ሲራመድ።
ቡሪሶ ደስ ብሎት ማይኩን ይዞ ሣጥኑ ፊት ቆመ፤
ጲይይይ! ሕፃናቱ ጆሯቸውን ያዙ።
«ከኋላው ቁም» አልሁት፤
«የራሱን ድምፅ ፊት ለፊት የሚያዳምጥ መጮሁ አይቀርም።»

ማታ ተኛሁ። መብራት ሄዷል፤ ሰፈሩ ጨለማ።
እምምም።
ፍሪጅ የለ፣ ሣጥን የለ፣ የሚነቀል ገመድ የለ።
ጌጤን ቀሰቀስሁ፤ «ይሰማሻል?»
«ምኑ?» አለች፣ ዞራ ተኛች።
ጆሮዬን በመዳፌ ደፈንሁ፤ ይበልጥ ቀረበ።

ተነሥቼ ወጣሁ። ጓሮው የአከራያችን ነው፤ ሣሩ ጤዛ ይዟል።
ጫማዬን አወለቅሁ፤
በሰው መሬት ላይ፣ በባዶ እግሬ፣
እስኪቀንስ ቆምሁ።